ገጽዎ የሚዘገየው የት ላይ ነው? ድረ ገጽን ለጎብኚም ለፍለጋም የማፍጠን መመሪያ

ድረ ገጽ ሲዘገይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው «ፍጥነት ይጨምራል» የተባለ ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ነው። አንዳንዴ ይረዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ስለሆነ በፍጥነት ፈንታ አንድ ተጨማሪ ስክሪፕት (ብሮውዘሩ የሚያስኬደው ኮድ) ይተርፋል። ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) ዘግይቶ ከሆነ ፎቶ ማሳነስ አይፈይድም፤ ፎቶው ከብዶ ከሆነም ሆስቲንግ (ሰርቨሩን የሚያከራየውን አገልግሎት) መቀየር ገንዘብ መበተን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚባክን ይለዩ፤ ማስተካከሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ምን ያህል ውጤት እንደሚጠበቅም ከወዲሁ ማወቅ ይገባል። ጉግል ፍጥነትን ከደረጃ መስፈርቶቹ አንዱ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በ2018 ለሞባይል ፍለጋም አዋለው፤ በ2021 ደግሞ «ኮር ዌብ ቫይታልስ» የተባሉትን መለኪያዎች ሥራ ላይ አዋለ። ይሁን እንጂ ለጠያቂው መልስ የሌለው ፈጣን ገጽ፣ መልስ ያለውን ቀርፋፋ ገጽ አያሸንፍም። ፍጥነት ዋጋ የሚያወጣው ይዘታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ገጾች ሲፎካከሩ ነው። ከደረጃው ይልቅ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ገጹ እስኪከፈት ሳይጠብቅ የሚመለሰው ሰው ይቀንሳል።

ሦስቱ ቁጥሮች

ከኮር ዌብ ቫይታልስ ሦስት መለኪያዎች የመጀመሪያው ኤልሲፒ (LCP) ይባላል። ጎብኚው ገጹን ከከፈተበት ቅጽበት ጀምሮ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ትልቁ ነገር፣ ማለትም ዋናው ፎቶ ወይም ትልቁ የጽሑፍ ክፍል፣ ብቅ እስኪል የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። እስከ 2.5 ሰከንድ ጥሩ ነው፤ ከ4 ሰከንድ በላይ ደካማ ይባላል።

ሁለተኛው አይኤንፒ (INP) ነው። ጎብኚው አንድ ቁልፍ ሲነካ ወይም ሲጽፍ ስክሪኑ ምላሽ እስኪያሳይ ያለውን ጊዜ ይይዛል። እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ጥሩ፣ ከ500 በላይ ደካማ ነው። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤፍአይዲ የተባለውን ተክቷል። የቀድሞው የመጀመሪያዋን ንክኪ፣ እሷንም እስክትስተናገድ ያለውን ጥበቃ ብቻ ነበር የሚያየው፤ አዲሱ ግን ጎብኚው ገጹ ላይ እስካለ ድረስ ያለውን ሁሉ ይከታተላል። በድሮ ምክር የተሠራ ገጽ ዛሬ ቢወድቅ አይግረምዎ።

ሦስተኛው ሲኤልኤስ (CLS) ነው፤ ይዘቱ ከተቀመጠበት ምን ያህል እንደሚንሸራተት ያሳያል። ሰው ጽሑፍ እያነበበ ድንገት ማስታወቂያ ገብቶ አንቀጹን ወደ ታች ሲገፋው የሚመዘገበው እዚህ ነው። መለኪያ አሃድ የለውም። እስከ 0.1 ጥሩ፣ ከ0.25 በላይ ደካማ ነው።

ገጹ አለፈ የሚባለው ከ100 ጉብኝት ቢያንስ 75ቱ ጥሩ የሚባለውን ወሰን ሲያሟሉ ነው። አማካይ አልተወሰደም፤ አማካይ በሽታ ይደብቃል፣ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ፈጣን ኮምፒውተር ያላቸው ጥቂት ጎብኚዎች አማካዩን ሲያሳምሩት፣ በዝቅተኛ ስልክ የሚመጣው ብዙኃን እየተሰቃየ ሊሆን ይችላል።

አለካኩ

ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የጉግል መፈተኛ ላይ የገጽዎን አድራሻ ያስገቡ። ውጤቱ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱን መቀላቀል ደግሞ ከሁሉም የበዛው ስህተት ነው። የላይኛው ክፍል በክሮም ከተጠቀሙ እውነተኛ ጎብኚዎች ባለፉት 28 ቀናት የተሰበሰበ ነው። የታችኛው ደግሞ ላይትሃውስ በተባለው መሣሪያ እዚያው የተደረገ ሙከራ ነው፤ ከ0 እስከ 100 ያለው ባለ ቀለም ነጥብ የሚወጣው ከዚህኛው ነው። ጉግል ለደረጃ የሚጠቀመው የእውነተኛ ጎብኚዎችን መረጃ እንጂ ያንን ነጥብ አይደለም። 100 ለማምጣት ሳምንት የሚያባክኑ ሰዎች የሚያሯሩጡት ማንም ጎብኚ የማያየውን ቁጥር ነው።

ይህ ማለት ግን የታችኛው ክፍል አይጠቅምም ማለት አይደለም። ምክንያት የሚፈለገው እዚያ ነው። ሙከራው ሆን ብሎ መካከለኛ ስልክና ደካማ ኔትወርክ ያስመስላል፤ በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት፣ በአንድ ምልልስ 150 ሚሊ ሰከንድ፣ ፕሮሰሰሩም በአራት እጅ ይዘገያል። ውጤቱ ከሙከራ ሙከራ ስለሚለዋወጥ አምስት ጊዜ ያሂዱና መካከለኛውን ይውሰዱ። በአንድ ሙከራ ተነሥቶ «ተሻሻለ» ወይም «ተበላሸ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ጎብኚ ያነሰበት ገጽ ከሆነ የላይኛው ክፍል የጠቅላላውን ድረ ገጽ ቁጥር ያሳያል፤ ወይም ባዶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ሰርች ኮንሶልን ይክፈቱ። እዚያ ተመሳሳይ ገጾች በቡድን ስለሚቀርቡ 400 የምርት ገጽ አንድ ላይ ቀይ ሆኖ ሊያዩ ይችላሉ። አይደንግጡ፤ 400ዎቹ የተሠሩበት ቴምፕሌት አንድ ነው፣ እሱን ማስተካከል ይበቃል። የሞባይሉን ዝርዝር ከኮምፒውተሩ ያስቀድሙ፤ ጉግል ገጾችን የሚያነበውና የሚመዘግበው በሞባይል መልካቸው ነው።

በራስዎ ኮምፒውተር ሲፈትሹ ክሮምን በድብቅ መስኮት ይክፈቱ፤ ካልሆነ ብሮውዘሩ ላይ የጫኗቸው ኤክስቴንሽኖች የራሳቸውን ስክሪፕት እየጨመሩ ውጤቱን ያበላሹታል። ኤፍ 12 ተጭነው «ኔትወርክ» የሚለውን ክፍል ያውጡ፣ ካሽ (ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ) እንዳይጠቀም የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉ፣ ፍጥነቱን ወደ ዝቅተኛ 4ጂ አውርደው ገጹን እንደገና ይጫኑ። በመጀመሪያው ረድፍ ያለው ኤችቲኤምኤል ፋይል (የገጹ ጽሑፍና አወቃቀር ያለበት) የጠበቀበትን ጊዜ ማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ። ከዚያ ዝርዝሩን በመጠን ይደርድሩና ከላይ ያሉትን አምስት ፋይሎች ይመልከቱ። አብዛኛው ምሥጢር እነዚህ ስድስት ረድፎች ውስጥ ነው።

2.5 ሰከንዱን መከፋፈል

ኤልሲፒ አንድ ቁጥር ቢመስልም አራት ጊዜዎች ተደምረው የሚሰጡት ነው። ሰርቨሩ የመጀመሪያዋን ባይት እስኪልክ፣ ብሮውዘሩ ዋናውን ፎቶ ማውረድ እስኪጀምር፣ ፎቶው ወርዶ እስኪያልቅ፣ ወርዶም ስክሪን ላይ እስኪሳል። ጤነኛ ክፍፍል የመጀመሪያውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 40 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ከ10 በመቶ በታች ሲሆኑ ነው። በ2.5 ሰከንድ ሲታሰብ አንድ ሰከንድ ለሰርቨሩ፣ ሩብ ሰከንድ ለጥበቃ፣ አንድ ሰከንድ ለማውረድ፣ ሩብ ሰከንድ ለመሳል ነው። የክሮም «ፐርፎርማንስ» ክፍል እነዚህን አራቱን ለይቶ ያሳያል፤ ከድርሻው የበለጠ የወሰደው የትኛው እንደሆነ አይተው ወደዚያ ይሂዱ።

ሰርቨሩ

የመጀመሪያዋ ባይት በ0.8 ሰከንድ ውስጥ ከመጣች ጥሩ ነው። ከዘገየች ጥፋተኛውን የሚለይ ቀላል ሙከራ አለ። አንድ ቃል ብቻ የተጻፈበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡና በብሮውዘር ይክፈቱት። እሱ ቶሎ መጥቶ ገጹ ከዘገየ፣ ችግሩ ያለው ገጹን በሚያዘጋጀው ፕሮግራምና በዳታቤዙ ነው። ሁለቱም ከዘገዩ ችግሩ ርቀቱ ወይም ሆስቲንጉ ራሱ ነው።

ርቀት የሚሸነፍ ነገር አይደለም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሰርቨሩ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ አንድ ምልልስ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ግንኙነት ለመክፈት አንድ ምልልስ፣ ምስጠራውን ለመስማማት ቲኤልኤስ 1.3 በተባለው የምስጠራ ደንብ አንድ፣ ገጹን ለመጠየቅ ሌላ አንድ ሲደመር፣ ሰርቨሩ ምንም ሥራ ሳይሠራ 300 ሚሊ ሰከንድ አለቀ። ኤችቲቲፒ 3 የተባለው የግንኙነት ደንብ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ይጠቀልላቸዋል፤ ሲዲኤን ደግሞ የገጹን ቅጂ ለጎብኚው ቅርብ በሆነ ሰርቨር ያስቀምጣል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ብዙ ሲዲኤኖች ሲጀመሩ የሚያስቀምጡት ፎቶና ስክሪፕት ብቻ ነው፣ ኤችቲኤምኤሉን ግን በየጥያቄው ወደ ዋናው ሰርቨር ሄደው ያመጡታል። «ሲዲኤን አስገብተናል፣ ግን ለውጥ የለም» የሚለው ቅሬታ መነሻው በአብዛኛው ይህ ነው። ኔትወርክ ክፍል ላይ የገጹን የምላሽ ሄደር (ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከውን መግለጫ) ከፍተው ከካሽ መጣ ወይስ አልመጣም የሚለውን ያረጋግጡ።

ሙሉ ገጽን ካሽ ማድረግ ለሰርቨር መዘግየት ፍቱን ነው፤ በጥንቃቄ ካልተሠራ ግን አደገኛ ነው። የገቢያ ቅርጫት፣ የክፍያ ገጽና በይለፍ ቃል የሚገባባቸው ገጾች ከካሹ ውጭ መሆን አለባቸው። ይህ ካልተደረገ የአንዱ ጎብኚ ስምና ትእዛዝ ለሌላው ሊታይ ይችላል። ሌላው ወጥመድ ከማስታወቂያ አገናኝ ጋር ተቀጥለው የሚመጡ የመከታተያ ኮዶች ናቸው። ካሹ ቅጥያው የተለየ አድራሻን ሁሉ እንደ አዲስ ገጽ ስለሚቆጥር፣ ገንዘብ ከፍለው ያመጡት ጎብኚ ሁልጊዜ ቀርፋፋውን ገጽ ያገኛል። በካሹ ማስተካከያ ውስጥ እነዚያን ቅጥያዎች ችላ እንዲል ያድርጉ።

ድረ ገጽዎ ዎርድፕረስ በተባለው ማዘጋጃ የተሠራ ከሆነ ሦስት ነገር ይፈትሹ። ፒኤችፒው (ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ) ድጋፍ ያልተቋረጠበት እትም ይሁን፣ ኦፒካሽ (የፒኤችፒ ካሽ) ይብራ፣ በየገጹ ጥያቄ የሚጫነው የ«ኦፕሽንስ» ሠንጠረዥ በተወገዱ ፕለጊኖች ቅሪት አለመሞላቱን ይመልከቱ። ፕለጊኖችን በሙከራ ቅጂ ላይ አንድ በአንድ እያጠፉ መለካት አሰልቺ ቢሆንም ከግምት ይበልጣል። ሁለት የካሽ ፕለጊን አንድ ላይ ግን አይጫኑ፤ አንዱ ያጸዳውን ሌላው አሮጌ ቅጂ ያቀርበዋል።

የአቅጣጫ ማዞሪያዎችንም ይቁጠሩ። ምስጠራ ከሌለው አድራሻ ወደ ተመሰጠረው፣ ከዚያ ሦስት ደብልዩ ወዳለበት፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ እዝባር (/) ወዳለበት የሚያዞር ድረ ገጽ ጎብኚውን ሦስት ጊዜ በር ያስቆመዋል። ሁሉም በአንድ ዝላይ ወደ መጨረሻው አድራሻ ይሂዱ፤ የውስጥ አገናኞችዎም በቀጥታ ወደዚያው ይጻፉ።

ጽሑፍን መጭመቅ በተለይ በአማርኛ ለሚጽፍ ትልቅ ትርፍ አለው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ደግነቱ ከሦስቱ የመጀመሪያው ባይት በሁሉም የአማርኛ ፊደላት አንድ ዓይነት ስለሆነ ጂዚፕም ሆነ ብሮትሊ የተባሉት መጭመቂያዎች በደንብ ይጨምቁታል። ብሮትሊ ከ0 እስከ 11 ደረጃ አለው፤ በየጥያቄው ለሚዘጋጅ ገጽ 4 ወይም 5 ይበቃል፣ 11 ግን ሰርቨሩን ስለሚያደክም አስቀድመው ለሚጨመቁ ቋሚ ፋይሎች ብቻ ይተዉት። ጄፔግና ዌብፒ የተባሉት የፎቶ ዓይነቶች ቀድሞውኑ የተጨመቁ ስለሆኑ እንደገና መጭመቅ ትርፉ ድካም ነው።

ዋናው ፎቶ

በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት ማለት 200 ኪሎባይት ማለት ነው። ለማውረድ አንድ ሰከንድ መድበን ከሆነ፣ ዋናው ፎቶ ከ200 ኪሎባይት ካለፈ ሂሳቡ ፈረሰ። ኔትወርኩን ሌሎች ፋይሎችም ስለሚሻሙት ግብዎን 100 ኪሎባይት አካባቢ ማድረግ ይሻላል።

መጀመሪያ ስፋቱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ዓይነቱን። ከካሜራ የወጣ 4000 በ3000 ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ስልክ ላይ 400 ፒክስል በሆነ ቦታ የሚታይ ፎቶ፣ ጥራት ላለው ስክሪን በእጥፍ ቢዘጋጅ እንኳ 800 በ600 ነው፤ ከመጀመሪያው በ25 እጅ ያንሳል። ትልቁን ፋይል ቢጨምቁት እንኳ ስልኩ ሲፈታው ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚወስድ 48 ሜጋባይት ማስታወሻ (ሜሞሪ) ይበላል። ዝቅተኛ ስልክ ገጹ ላይ የሚንቀጠቀጠው ለዚህም ነው።

ለእያንዳንዱ ፎቶ 480፣ 800፣ 1200 እና 1600 ፒክስል ስፋት ያላቸው አራት ቅጂዎች ያዘጋጁና «ኤስአርሲሴት» (srcset) በሚባለው የምስል ታግ ባሕሪ ይዘርዝሯቸው። አብሮ «ሳይዝስ» የሚባለው መጻፍ አለበት። ከተተወ ብሮውዘሩ ፎቶው የስክሪኑን ሙሉ ስፋት ይይዛል ብሎ ስለሚገምት፣ በትንሽ ሳጥን ለሚታይ ፎቶ ትልቁን ቅጂ ያወርዳል። ቅጂዎቹ ሁሉ እያሉ ጥቅም ሳይሰጡ የሚቀሩት በዚህ ነው።

ለፎቶግራፍ ዌብፒን በ75 እና 80 መካከል ባለ ጥራት ይጀምሩ። አቪፍ የተባለው ሌላ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያም ያንሳል፤ ለማዘጋጀት ግን ቀርፋፋ ነው። አርማና ቀላል ሥዕል ኤስቪጂ ይሁን። ዋናውን ቅጂ ሁልጊዜ ያስቀምጡ፤ የተጨመቀን ፎቶ ደግሞ መጭመቅ በፊደላት ጠርዝ ላይ ጭጋግ ያመጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቁራጭ፣ ማለትም ማውረዱ እስኪጀመር ወዳለው ጥበቃ። እዚህ የሚሠራው ስህተት ፎቶን ሁሉ በ«ሌዚ ሎዲንግ» (ጎብኚው እስኪቀርበው ማውረዱን በማቆየት) ማስተናገድ ነው። ይህ ዘዴ ከስክሪኑ በታች ላሉ ፎቶዎች ግሩም ነው። ዋናው ፎቶ ላይ ሲደረግ ግን ብሮውዘሩ የገጹን አቀማመጥ አስልቶ እስኪጨርስ ፎቶውን አይጠይቅም። ከዋናው ፎቶ ላይ ያንሱት፤ በምትኩ «ፌች ፕራዮሪቲ» የሚባለውን ባሕሪ «ሃይ» ያድርጉ። ለአንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ለአምስት ፎቶ ቅድሚያ መስጠት ለማንም አለመስጠት ነው።

ፎቶው በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የጀርባ ምስል ሆኖ ከተቀመጠ ብሮውዘሩ መኖሩን የሚያውቀው የሲኤስኤስ ፋይሉን አውርዶ ካነበበ በኋላ ነው። በተቻለ መጠን ተራ የምስል ታግ ያድርጉት፤ ካልተቻለ ገጹ አናት ላይ አስቀድሞ እንዲጫን ያዝዙ። በጃቫስክሪፕት (ስክሪፕቶች በሚጻፉበት ቋንቋ) የሚገባ ተንሸራታች ፎቶም እንዲሁ ነው። እውነቱን ለመናገር ተንሸራታቹን አንሥቶ አንድ ጥሩ ፎቶ መተካት ከማስተካከል ይቀላል።

ወርዶ የማይሳለው

ፎቶው ወርዶ አልቆ ስክሪኑ ባዶ ከሆነ አራተኛው ቁራጭ ላይ ነን። ብሮውዘሩ ሲኤስኤሱን ሳይጨርስ ምንም አይስልም። አንዱ የሲኤስኤስ ፋይል ሌላውን «ኢምፖርት» ካደረገ ሁለቱ በየተራ ስለሚወርዱ ጥበቃው ይደመራል፤ ፋይሎቹን በቀጥታ ከኤችቲኤምኤሉ ያገናኟቸው። ለመጀመሪያው ስክሪን የሚያስፈልገውን ሲኤስኤስ ለይቶ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ መክተት ይጠቅማል፤ ሰርቨር በመጀመሪያው ዙር የሚልከው ብዙውን ጊዜ 14 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ ተጨምቆ ከዚያ እንዳይበልጥ ይሞክሩ።

እየደመቀ ብቅ እንዲል የተደረገ ርእስ ወይም ፎቶም ጊዜ ይበላል፤ ጨርሶ የማይታይ ነገር እስኪታይ ድረስ አይቆጠርም። ሁለት ዲዛይን ለማወዳደር የሚገቡ መሣሪያዎችም ብልጭታ እንዳይታይ ብለው ገጹን በሙሉ ይደብቃሉ። ሙከራው ካለቀ ኮዱን ያውጡት፤ ተረስቶ ለዓመታት የሚኖርበት ጊዜ አለ።

ስለ ፎንት አጭር ነገር። ፋይሉ ወፍ 2 (WOFF2) በሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ከራስዎ ሰርቨር ይቅረብ፣ ከሁለት ውፍረት አይለፍ፣ ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በመሣሪያው ፎንት እንዲታይ «ስዋፕ» ይደረግ። የግዕዝ ፎንት ከ300 በላይ ፊደላት ስለሚይዝ ከላቲኑ ይከብዳል። ዘመናዊ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ይዘው ስለሚመጡ ለአንቀጽ ጽሑፍ የመሣሪያውን ፎንት፣ የተለየውን ለርእስ ብቻ መጠቀም ጥሩ ስምምነት ነው። ፎንቱን ቆርጠው ሲያሳንሱ በዩኒኮድ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ክልል በሙሉ ይያዙ። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና የግዕዝ ቁጥሮች ያሉት መጨረሻው ላይ ስለሆነ ከተቆረጡ በሌላ ፎንት ይተካሉ፤ መስመሩም ወጣ ገባ ይሆናል።

ሲነኩት የማይሰማ ገጽ

ብሮውዘር ጃቫስክሪፕት የሚያስኬደውም፣ ንክኪ የሚቀበለውም፣ ገጹን የሚስለውም በአንድ መስመር ነው። አንዱ ሥራ መስመሩን ከያዘው ሌላው ይጠብቃል። ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሚፈጅ ሥራ ረጅም ይባላል፤ ጎብኚው በዚያ መካከል ቁልፍ ከነካ ምላሹ ይዘገያል፤ ብዙ ከዘገየ ጣቱን አንሥቶ እንደገና ሊነካ፣ ትእዛዙም ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከውጭ የመጣ ስክሪፕት ነው፤ የውይይት ሳጥን፣ ካርታ፣ ቪዲዮ፣ የማስታወቂያ መከታተያ። ክሮም አንድን ፋይል አግዶ ገጹን መጫን ያስችላል። አንዱን ያግዱ፣ ይለኩ፣ ይመልሱት፣ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። እያንዳንዱ ስክሪፕት ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚያስከፍል ዝርዝር ሲኖርዎ «ይህን የሚጠቀመው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል፤ መልስ የማይገኝለት መኖሩ አይቀርም። ቪዲዮና ካርታን በተመለከተ መጀመሪያ ፎቷቸውን ብቻ ያሳዩ፤ ጎብኚው ሲነካው እውነተኛው ይጫን።

ለቀሩት ስክሪፕቶች «ዲፈር» ይጠቀሙ፤ ኤችቲኤምኤሉ ተነብቦ ካለቀ በኋላ በቅደም ተከተላቸው ይሠራሉ። «አሲንክ» ግን ማን ቀድሞ እንደወረደ ብቻ ስለሚያይ፣ አንዱ ሌላውን የሚፈልግ ስክሪፕት ከሆነ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይሰበራል። እንዲህ ያለ ስህተት ሲፈልጉት ይጠፋል።

የማፍጠኛ ፕለጊኖች «ጎብኚው እስኪነካ ድረስ ጃቫስክሪፕትን ሁሉ አዘግይ» የሚል ምርጫ አላቸው። የላይትሃውስ ነጥቡን ወዲያው ያንረዋል፣ ሙከራው ገጹን አይነካማ! እውነተኛው ጎብኚ ግን ሜኑውን ሲነካ የተከማቸው ስክሪፕት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ይነሣል፤ ሜኑው አይከፈትም፣ አይኤንፒውም ይወድቃል። ከተጠቀሙበት ሜኑውንና ቅርጫቱን የሚያንቀሳቅሱትን ስክሪፕቶች ከዝርዝሩ ያውጡ።

የራስዎን ኮድ የሚጽፉ ከሆነ ንክኪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየውን ለውጥ ያድርጉ፤ ቁልፉ ቀለም ይቀይር ወይም «በመላክ ላይ» ይበል። ከባዱን ሥራ ከዚያ በኋላ ከፋፍለው፣ በየመሃሉ ለብሮውዘሩ ተራ እየሰጡ ያስኬዱ።

የሚንሸራተተው

ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቶና ቪዲዮ ስፋትና ቁመቱን በኤችቲኤምኤሉ ይጻፉ፤ ብሮውዘሩ ፎቶው ሳይወርድ ቦታውን ያስይዝለታል። ለማስታወቂያ ዝቅተኛ ቁመት ይወስኑ፣ ማስታወቂያ ባይመጣም ቦታው እንዳይታጠፍ። የኩኪ ማሳሰቢያ ይዘቱን ገፍቶ ሳይሆን በላዩ ተንሳፍፎ ይምጣ። እንቅስቃሴ ሲሠሩ የቦታ ቁጥሮችን ከመቀየር «ትራንስፎርም» የሚባለውን ይጠቀሙ።

በሙከራው 0 አግኝተው በእውነተኛ ጎብኚ ላይ 0.3 ካዩ፣ ሙከራው የሚያየው ገጹ ሲጫን ብቻ ስለሆነ ነው። ወደ ታች እያሸበለሉ ይፈልጉት፤ ዘግይቶ የሚገባ ማስታወቂያ ወይም ልኩ ያልተጻፈ ፎቶ እዚያ ታች አለ። ጎብኚው ራሱ ነክቶ በ500 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የተፈጠረ መንሸራተት አይቆጠርም፤ «ተጨማሪ አንብብ» የሚለው ቁልፍ አያሳስብዎ።

ቁጥር የማይይዛቸው

ገጹ ሲከፈት ሙሉ ስክሪን የሚሸፍን ብቅ ባይ ማስታወቂያን ጉግል እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በሞባይል ፍለጋ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ ሕግ የሚያስገድዳቸው የኩኪና የዕድሜ ማረጋገጫዎች ከዚህ ውጭ ናቸው። የሚነኩ ቁልፎች 48 ፒክስል ገደማ ይሁኑ፣ በመካከላቸውም 8 ፒክስል ይተዉ። የመጻፊያ ሳጥኖች ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ አይፎን ሲነኩት ገጹን ያጎላዋል፤ ጎብኚው ፎርሙን ለመሙላት ገጹን ወዲያና ወዲህ ይገፋል።

የጉግል ቦት (ገጾችን እየዞረ የሚያነበው ፕሮግራም) እንደ ሰው አያሸበልልም፣ «ተጨማሪ አሳይ» የሚል ቁልፍም አይነካም። ገጽን ለማቅለል ብለው ይዘቱን ንክኪ ሲመጣ ብቻ የሚጫን ካደረጉት፣ ያ ይዘት ለፍለጋ የለም ማለት ነው። ዝርዝሮች የራሳቸው አድራሻ ባላቸው ተከታታይ ገጾችና በእውነተኛ አገናኞች ይያያዙ። የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎችም ቦቶች የትኛውን ማንበብ እንደሚችሉ በሚነግረው የሮቦትስ ፋይል (robots.txt) አለመታገዳቸውን ይመልከቱ።

ለመመለሻ ቁልፍም ትኩረት ይስጡ። ብሮውዘር የተተወን ገጽ እንዳለ በማስታወሻ ያቆየውና ሲመለሱ በቅጽበት ያሳያል። «አንሎድ» የሚባለውን ክስተት የሚያደምጥ አሮጌ ስክሪፕት ወይም ገጹ ጨርሶ እንዳይቀመጥ የሚያዝ የካሽ ሄደር ይህን ሊያግደው ይችላል። በክሮም «አፕሊኬሽን» ክፍል ውስጥ መፈተኛ አለው፤ የከለከለውን ምክንያት በስም ይነግርዎታል።

ከማስተካከያው በኋላ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ይቀይሩ። አምስቱን አንድ ላይ ቀይረው የሆነ ነገር ሲሰበር የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ለውጡን በላይትሃውስ ዕለቱን ያያሉ፤ የጎብኚዎቹ ቁጥር ግን የ28 ቀን ክምችት ስለሆነ አሮጌዎቹ ቀናት እየወጡ አዲሶቹ እስኪተኳቸው አራት ሳምንት ይፈጃል። በሰርች ኮንሶል «ማስተካከያውን አረጋግጥ» የሚለውን ሲጫኑም የሚጀምረው የዚያኑ ያህል ጊዜ የሚወስድ ክትትል ነው።

አንዳንዴ ሙከራው ሁሉ ተሻሽሎ የእውነተኛ ጎብኚዎች ቁጥር ይባስ ይበላሻል። ማስተካከያውን ለመመለስ አይቸኩሉ። ድሮ ገጹ ሳይከፈትላቸው ይመለሱ የነበሩ፣ ደካማ ስልክና ኔትወርክ ያላቸው ሰዎች አሁን ገጹ እየተከፈተላቸው ወደ ቆጠራው ገብተው ሊሆን ይችላል። የጎብኚዎችዎን መረጃ በመሣሪያና በአካባቢ ከፍለው ከቀድሞው ወር ጋር ያስተያዩ። በየክፍሉ ቁጥሩ ተሻሽሎ ድምሩ ብቻ ከወረደ፣ የመጣው ለውጥ የጎብኚዎቹ ስብጥር ነው፤ በአንዱ ክፍል ውስጥ ራሱ ከወረደ ግን የዚያን ክፍል ገጽ በዚያው ዓይነት ስልክ ከፍተው አራቱን ቁራጮች እንደገና ይለኩ።